ለፎርማን የሚነቀነቅ ራስ

መስከረም 20

ይድረስ ለወንድሜ ለሙጫው፣

ጤናህን ፈጣሪ ይጠብቅልህ፣ የቆምክበትን መሬት ያጽናልህ፣ ብርዱንም ከትከሻህ ላይ ያንሳልህ። እኔ ደህና ነኝ። እናትህ እታለምም ደህና ናት። ያፈስ የነበረው ጣሪያ ተደፍኗል። ሰላምታዬ ያጠረው ስለተናደድኩ ነው፤ ንዴቴ ሲበርድ ቀሪውን እጨምርልሃለሁ።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። «የሐኪሙ ወረቀት የእማዬ አእምሮ እየደከመ መሄዱን ስለሚያሳይ፣ በጥር መጥቼ አረጋውያን ማረፊያ አስገባታለሁ፤ ቤቱም ይሸጣል» ትላለህ። ይህን ስትጽፍ እጅህ አልከበደህም? እንዲህ ያለ ነገር ማኅተም ያለው መሥሪያ ቤት ይጽፈዋል እንጂ ልጅ ስለ እናቱ አይጽፈውም። እኔ የእህቷ ልጅ ነኝ፤ አንተ ከሆዷ የወጣህ ነህ፤ ውክልናዋም በእጅህ ነው። ልከለክልህ አልችልም። ከመለፍለፍ ግን እስከዛሬ የከለከለኝ የለም፤ ታውቀኛለህ።

እስኪ በነሐሴ መጥተህ ሐኪም ቤት የወሰድናትን ቀን አስታውስ። አንተ ከሷ ጋር ገባህ፣ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቀረሁ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሁሉንም አይቻለሁ፣ ሰምቻለሁም። መርማሪው አፉን በጭምብል ሸፍኖ፣ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ ነው የጠየቃት። «ዛሬ ምን ቀን ነው?» አላት፤ ራሷን ነቀነቀች። «ከመቶ ጀምረው ወደ ታች ይቁጠሩ» አላት፤ «እሺ፣ ጥሩ ነው» አለችው። «ጥቂት ቃላት እነግርዎታለሁ፣ በኋላ መልሰው ይነግሩኛል» ሲላት ደግሞ «ለአንተም እንዲሁ ያድርግልህ» ብላ መረቀችው። ምርቃቱንም እንደ ስህተት ቆጠረባት።

ወንድሜ፣ እናትህ ጥያቄውን አልሳተችም፤ ጥያቄው አልደረሳትም። ዕድሜዋን ሙሉ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሽመና ክፍል ነው የሠራችው። ያ ሁሉ ማሽን ባንድ ጣሪያ ሥር ሲያጓራ ጆሮዋን ቀስ በቀስ በልቶባታል። እዚያ ፎርማኑ መጥቶ ሲናገር ማንም አይሰማውም። «አልሰማሁም» ያለች ግን «ደንቁራለች» ተብላ ከማሽኗ ትነሳ ነበር። ስለዚህ የሽመና ሴት ለአለቃ ሁልጊዜ ራሷን ትነቀንቃለች። ገባትም አልገባትም። እናትህ መርማሪውን ያየችው እንደ ፎርማን ነው። ነጭ ልብስ፣ እስክሪብቶ፣ ፊት አለመስጠት። ምን ታድርግ፣ ነቀነቀች።

የገረመኝ አንተ ነህ። አጠገቧ ተቀምጠህ «አትሰማም፣ ጮክ በሉላት» እንኳ አላልክም። ጭራሽ አንተም ከሷ ጋር ስትነቀንቅ በበሩ ስንጥቅ አይቼሃለሁ። ምን ነክቶህ እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

አንድ ነገር ልለምንህ። በጡረተኞች ማኅበር አዳራሽ ጆሯቸው ለደከመ አረጋውያን ሥልጠና ሊጀመር ነው። ሰውነትንም አእምሮንም ባንድ ላይ ማሠራት ነው አሉ፤ እየተራመዱ ማሰብ፣ እያሰቡ መራመድ። ጆሮ ሲደክም ሰው ከሰው ይርቃል፣ ሲርቅ ይቀመጣል፣ ሲቀመጥ እግሩም ጭንቅላቱም ይዝጋል ይላሉ። እታለም ስሟን አስመዝግባለች። ያንን በመሳቢያ የቀበረችውን የመስሚያ መሣሪያም አውጥታ ባትሪ አስገብታበታለች። እስከ ጥር ታገሠን።

እህትህ

ኅዳር 4

ለማከብርሽ እትዬ፣

ይህ ጽሑፍ በደህና ቀን ያግኝሽ፤ ለቤቱም ቸር ወሬ አይጥፋበት። እኔ ደህና ነኝ።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ አድርጊልኝ። የሥራ ቦታዬ ተቀይሮ ነው። ቆርቆሮ ከሚቆርጠው ማሽን ላይ አንስተው ዕቃ ግምጃ ቤት አስገብተውኛል። ለዕረፍትህ ነው ብለውኛል። እዚህ አገር ሰው አፉን ሳይከፍት መናገር ጀምሯል፤ አዲሱ አለቃዬማ የሚያወራው ከጢሙ ጋር ነው።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። እማዬ ድስት ጥዳ እንዳሳረረች የነገርሽኝ አንቺ ነሽ። በር ሲንኳኳ እንደማትከፍትም አንቺው ነሽ የነገርሽኝ። እኔ እዚህ ሆኜ እሳት፣ ሌባ፣ መኪና እያሰብኩ ነው የማድረው። አንቺ ደግሞ ስፖርት ትይኛለሽ። በዚያ ዕድሜ ኳስ ልትወረውር ነው? ዳሌዋ ቢሰበር ማን ነው ተጠያቂው? ማረፊያው ንጹሕ ነው፤ ፎቶውን አይቻለሁ። አልጋ አለ፣ ነርስ አለ፣ ሁሉም ሰው ተቀምጦ ይውላል። የሚገፋት የለም።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ አትቀየሚኝ። ቤቱ እንዳይሸጥ የምትሟገቺው ለእማዬ ብለሽ ነው ወይስ የፊቱን ክፍል ለያዘው የፎቶ ኮፒ ሱቅሽ?

እንዳልጨክን ግን ይህን ልበል። እንደገና ትመርመር። ወረቀቱ ከተቀየረ እኔም ሐሳቤን እቀይራለሁ። ካልተቀየረ በጥር መጨረሻ መጥቼ አስገባታለሁ።

በስልክ አትድከሚ፣ መስመሩ እየተቆራረጠ ምንም አይሰማም። ብትጽፊልኝ ይሻላል።

ወንድምሽ

ኅዳር 20

ለወንድሜ፣

ሰላምታው እንደ ድሮው ነው፣ ምርቃቱም አልተቀነሰም፤ ብቻ ቶሎ ወደ ወሬው ልግባ፣ እጄ እየቸኮለ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ሱቁ። ደብዳቤህን አንብቤ አለቀስኩ። ከዚያ ፊቴን ታጠብኩና ጋሪ ጠራሁ። የፎቶ ኮፒ ማሽኔን፣ የወረቀት ካርቶኖቼን፣ ያንን የተሰበረ ወንበሬንም ጭኜ ከመንገዱ ማዶ፣ ከጫማ ሰፊው ጎን ያለችውን ጠባብ ክፍል ያዝኩ። አሁን ደንበኛ ሲበዛ ግማሹ ውጭ ቆሞ ነው የሚጠብቀኝ። የእናትህ የፊት ክፍል ባዶ ነው፤ በመስኮቷ በኩል ተቀምጣ መንገዱን ታያለች። እኔ በዚያ ቤት ውስጥ ያለኝ አንድ አልጋና አንድ አክስት ነው። አሁን ስለ እታለም ስናገር ሱቅሽ እንዳትለኝ። ጨርሰናል።

እንግዲህ ስለ ሥልጠናው ላውራህ፤ ወይኔ አንተ ብታይ።

አሠልጣኟ ወጣት ናት፣ የአካል እንቅስቃሴ ባለሙያ። መጀመሪያ ቀን ፊሽካ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ መጣች። ጆሮ ለደከመው ሰው ፊሽካ ይዞ መምጣት ምን ማለት ነው? ነፋችው፤ ማንም ዞር አላለም። ሴቶቹ፣ አብዛኞቹ የእናትህ የድሮ የሽመና ክፍል ጓደኞች ናቸው፣ ወዲያው «ፉጨት» ብለው ስም አወጡላት። «ወደ ቀኝ ተራመዱ፣ እየተራመዳችሁ የአትክልት ስም ጥሩ» ብላ ጮኸች። ሁሉም ነቀነቁ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። «ገባችሁ?» አለች። አሁንም ነቀነቁ። ያ ሁሉ ሽማግሌና አሮጊት ፀሐይ የሚሞቅ እንሽላሊት መስሎ ቆሞ ራሱን ይነቀንቃል። ልጅቷ ልታለቅስ ምንም አልቀራት።

ይኼኔ እናትህ ከሰልፉ ወጣች። ቀጥ ብላ ሄዳ ፊሽካውን ከልጅቷ አንገት አወለቀችና ኪሷ ከተተችው።

«የኔ ልጅ፣ ይሄ አያስፈልግሽም። የነቀነቀልሽ ሁሉ አልሰማሽም» አለቻት።

«ታዲያ ለምን ነቀነቁልኝ?»

«ፎርማን መስለሽን ነዋ።»

ከዚያ የሽመና ክፍሉን ምልክት አሳየቻት። አንተ በልጅነትህ ታውቀው ነበር። ድምፅ የሌለው ከንፈር፣ ሰፋ ሰፋ አድርጎ፣ ከእጅ ጋር። ሁለት ጡጫ ገጥሞ መለያየት «ክር ተበጠሰ፣ ቁሙ» ነው። ደረትን ሁለቴ መምታት «ደህና ነኝ»። ጣትን ከአፍ አጠገብ ማዞር «ድገሚልኝ»። ይህቺ ዋናዋ ናት። በማሽኖቹ መካከል ሴቶቹ ለፎርማን ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር እንጂ ለጓደኛቸው አንድም ቀን ነቅንቀው አያውቁም። ካልገባሽ ጣትሽን ታዞሪያለሽ፣ አሥር ጊዜም ቢሆን ትደግምልሻለች። ነውር የለውም።

ፉጨት ብልህ ልጅ ናት። በማግስቱ ደብተር ሙሉ አጥንታ መጣች፣ አንዳንዱንም ከእኛ የተሻለ ታደርገዋለች። አሁን አዳራሹ ውስጥ ማንም አይጮህም። ወለሉ ላይ በጠመኔ ባለቀለም ሳጥኖች ተሥለዋል። እሷ በእጇ ምልክት ታሳያለች፤ እነሱ የሚሠሩት ግን አሁን ያሳየችውን ሳይሆን ከዚያ በፊት ያሳየችውን ነው። አንዱን እየያዝክ ሌላውን መሥራት ማለት ነው፣ እግርህም ከሳጥኑ መውጣት የለበትም። እኔ ሞክሬ ግድግዳ ገጨሁ። እናትህ ግን አትሳሳትም። «ይሄማ ድርና ማግ ነው፣ ባንድ ዓይን ያለፈውን በሌላው የሚመጣውን ማየት ነው» ትላለች። ወንበር ላይ ተቀምጦ እጅ ሳይነካ መነሳት አለ። ኳስ እየተቀባበሉ የተጠራውን ስም ሳይደግሙ መጥራት አለ። ሲደክማቸው ተቀምጠው አንዱ የሌላውን ከንፈር ማንበብ ይለማመዳሉ፤ እዚያ ላይ የሚወራውን ሐሜት ግን ልጽፍልህ አልችልም።

ባለፈው ሳምንት ማን ቢመጣ ጥሩ ነው? ፎርማኑ። የድሮው፣ ራሳቸው። እሳቸውም ደንቁረው፣ በከዘራ። ገና በሩን ሲያልፉ የሽመና ሴቶች በሙሉ ባንዴ የላይኛው ከንፈራቸውን በሁለት ጣት ጠመዘዙ።

«ይሄ ደግሞ ምን ማለት ነው?» አሉ እሳቸው።

«እርስዎ ነዎት። ጢምዎ ነው። ‹ፎርማኑ መጣ› ማለት ነው» አለቻቸው እናትህ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከተቀጠሩበት ቀን ጀምሮ።»

ጢማቸውን ከተላጩ ቆይተዋል። ቀስ ብለው እጃቸውን አነሱና ባዶውን ከንፈራቸውን ጠመዘዙ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ፉጨት አንድ እንቅስቃሴ አሳይታቸው «ገባኝ» ብለው ራሳቸውን ሲነቀንቁ እናትህ ከዘራቸውን ያዝ አድርጋ፣ «ጌታዬ፣ እዚህ መነቅነቅ የለም። ጣትዎን ያዙሩ» አለቻቸው። አዞሩ። ተደገመላቸው። አሁን ከሁሉ ቀድመው የሚመጡት እሳቸው ናቸው።

ስለ ምርመራው ነገርኳት። ጽፌ ነው የሰጠኋት፣ እንዳይምታታባት። አንብባ ወረቀቱን መለሰችልኝ። «በገዛ ቤቴ ለመኖር ፈተና አልቀመጥም» አለች። ለመንኳት፣ ተለማመጥኳት፣ ተቆጣኋትም። ጆሮ ዳባ ልበስ አለችኝ፤ መሣሪያውን አውልቃ ነው ደግሞ። ስለዚህ የምትጠብቀው ወረቀት የለም። እኔ ፈርቻለሁ፣ እውነቴን ነው። እሷ ግን አልፈራችም።

እህትህ

ታኅሣሥ 27

ለእትዬ፣

ሰላም ለቤቱ ይሁን። ሱቅሽን ማውጣት አልነበረብሽም። እንዲያ ማለቴ አልነበረም። አልፎ ሄዷል።

እማዬ አልመረመርም ካለች የተናገርኩትን አላጥፍም። ማረፊያው ቦታ ይዞልኛል። በጥር መጨረሻ እመጣለሁ፤ ልብሷን ብታዘጋጂላት ጥሩ ነው። ከባድ ዕቃ አያስገቡም።

እንዲያው ለማወቅ ያህል፣ ሥልጠናውን የሚወስዱ ሰዎች ጆሯቸው ይመለሳል ይላሉ? ትንሽም ቢሆን? ዕድሜያቸው ከእማዬ ያነሰ ሰዎችስ ይቀበላሉ? አንድ የሥራ ባልደረባዬ ጠይቅልኝ ብሎኝ ነው።

የመስሚያ መሣሪያው ከሩቅ ይታያል ወይስ ፀጉር ይሸፍነዋል? ይህንንም እሱ ነው የጠየቀኝ።

ወንድምሽ

ጥር 8

ለወንድሜ ለሙጫው፣

ዓመቱ የሰላም ይሁንልህ፣ መንገድህም ይቃናልህ፤ ሻንጣህን ግን ባዶ አድርገህ ና፣ ከዚህ የምትወስደው ሰው የለም።

ለባልደረባህ እንዲህ በልልኝ። ጆሮ አይመለስም። ፉጨት ይህንን የመጀመሪያ ቀን ነው የተናገረችው፣ በትልቁ ጽፋ ግድግዳው ላይ ለጥፋዋለች። «የሄደውን መስማት አላመጣላችሁም። የቀራችሁን እንዳትጥሉት ነው የምሠራው።» እግር እንዳይከዳ፣ ማሰብ እንዳይሰንፍ፣ ሰው ቤቱን ዘግቶ እንዳይቀመጥ። ዕድሜ አይጠይቁም፤ ጆሮው የደከመ ሁሉ ይገባል። መሣሪያው ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ይታያል። እናትህ ሽበቷን ወደ ላይ ጠቅልላ ሆን ብላ ታሳየዋለች። መንገድ ላይ የሚያፈጥባትን «ምን ታያለህ፣ አንተም ተራህ ይደርሳል» ትለዋለች። ባልደረባህ ካፈረ ይህንን ንገረው።

አሁን የምነግርህን ተቀምጠህ አንብብ። ወድቃ ነበር። ደህና ናት፣ አትደንግጥ። ከዝናብ በኋላ የደጁ ደረጃ ረጥቦ አዳለጣት። ከመንገዱ ማዶ ከሱቄ አየኋትና ወረቀቱን በትኜ እየጮህኩ ሮጥኩ። ስደርስ እጇን ወደ እኔ ዘርግታ አቆመችኝ። ሁለት ጡጫ ገጥማ ለያየቻቸው፤ ቁሚ ማለቷ ነው። ከዚያ በጎኗ ዞረች፣ በጉልበቷ ሆነች፣ ደረጃውን ተደግፋ አንዱን እግሯን አስቀደመችና ተነሳች። ልክ አዳራሹ ውስጥ ከወለል ለመነሳት እንደሚለማመዱት። ቀሚሷን አራገፈች፣ ደረቷን ሁለቴ መታች። ጫማ ሰፊው ከኋላዬ ቆሞ አጨበጨበ። አምና እንዲህ ወድቃ ኩሽና ወለል ላይ ተቀምጣ እስክመጣ ስትጠብቀኝ እንደነበር አልነገርኩህም ነበር። አሁን ነገርኩህ።

ድስቱንም ልጨርስልህ። ውሃው ሲፈላ ድምፁን ስለማትሰማ ነው እንጂ ረስታ አይደለም። አሁን ድስት ስትጥድ ወንበሯን ምድጃው ፊት ለፊት አድርጋ አትክልቷን እዚያው ትከትፋለች። ለበሩ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ደወሉን ሲጫኑት መብራት እንዲበራ አድርጎልናል። ቤቱ ውስጥ ያለው ችግር ይሄው ነበር።

ልብሷን አዘጋጂ ላልከው መልሷን እንዳለ ልጻፍልህ። አጠገቤ ቆማ ነው የምታስጽፈኝ። «ልጄ፣ ተቀምጦ መዋል ዕረፍት ከሆነ፣ አንተን ከማሽንህ ሲያነሱህ ለምን ደስ አላለህም? እኔ ከዚህ ቤት የምወጣው በእግሬ ነው፣ የምመለሰውም በእግሬ ነው። ውክልናው ቤት ይሸጣል እንጂ እናት አያጓጉዝም።»

ሌላም ነገር አለ። ይህንን ካስጻፈችኝ በኋላ ደብዳቤዎችህን ከመሳቢያዬ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። ደጋግማ አነበበቻቸው። «ይሄ ልጅ ስልክ መደወል የተወው መቼ ነው?» አለችኝ። መስመሩ እየተቆራረጠ ነው አልኳት። ደብዳቤዎቹን መልሳ አጣጥፋ ሰጠችኝና «ይምጣ» አለች። እስከ ትናንት «አይምጣ» ነበር የምትለው። ምን እንደገባት አልነገረችኝም።

እህትህ

የካቲት 14

ለእትዬ፣

በደህና ገብቻለሁ። የስንብት ምርቃታችሁ መንገዱን ሁሉ ሸኝቶኛል፤ ለእናንተም እጥፉን ይክፈላችሁ።

በመጣሁበት ቀን ማታ «አዳራሹ ውስጥ ምን ተፈጠረ?» ብለሽ ጠይቀሽን ሁለታችንም ዝም አልንሽ። አንቺ ዝም ሲሉሽ እንደምትታመሚ አውቃለሁ። አሁን ልንገርሽ፤ ፊት ለፊትሽ ሆኜ አልችልም ነበር።

ከአውሮፕላን ማረፊያ በቀጥታ ወደ አዳራሹ ነው የሄድኩት። ሳትሰናዳ ልያት ብዬ ነው። የማረፊያው ቅጽ ኪሴ ውስጥ ነበር። በሩን መክፈት ከበደኝና በመስኮቱ በኩል ቆምኩ። ልጅ ሆኜ የፋብሪካው መስኮት ላይ ተለጥፌ ፈረቃዋ እስኪያልቅ የምጠብቃት ትዝ አለኝ፤ ሙጫ ያላችሁኝም ለዚያ ነው። ውስጥ አየኋት። ባለቀለሙን ሳጥን እየረገጠች፣ እጇ አንድ ነገር፣ እግሯ ሌላ ነገር ሲሠራ። እትዬ፣ እኔ እንዲያ መራመድ አልችልም።

አንዷ ሴት አየችኝ። ከንፈሯን ጠመዘዘች። ከዚያ ሁሉም ተራ በተራ ጠመዘዙ፣ የድሮው ፎርማን ሽማግሌው ጭምር። ፎርማን መጣ ተባልኩ። በእናቴ ጓደኞች። ማንም እንዲያ ሰድቦኝ አያውቅም፣ ደግሞ ትክክል ናቸው።

እማዬ ዞረች። በመስታወቱ ውስጥ አየችኝና ያለ ድምፅ አንድ ነገር ተናገረች። አልያዝኩትም። ራሴን ነቀነቅሁ። ልማድ ሆኖብኛል እኮ፤ ለአለቃዬ፣ ለሱቅ ሻጩ፣ ለአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ለሁሉም ነው የምነቀንቀው። በነሐሴ ሐኪም ቤት ውስጥም ያየሽው እሱን ነበር። መርማሪው የሚለውን እኔም አልሰማሁትም። እናትና ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጠን ለፎርማን ነቀነቅን፣ ወረቀቱ ግን በሷ ስም ተጻፈ።

እማዬ ስነቀንቅ ስታይ ፊቷ ተቆጣ። አይሆንም አለችኝ በእጇ። ቆመች፣ ሰልፉም ቆመ። ሁሉም ያዩኛል። እጄን ከኪሴ አወጣሁና ጣቴን ከአፌ አጠገብ አዞርኩ። ድገሚልኝ። ደገመችልኝ። አሁንም አልያዝኩትም፤ አዞርኩ። ሰፋ አድርጋ ደገመችልኝ። ለካስ «በሩ ክፍት ነው» ነበር የምትለኝ።

ገባሁ። ሰልፉ ውስጥ ከሷና ከሽማግሌው መካከል አስገቡኝ። ስንት ጊዜ እንደተሳሳትኩ ባትጠይቂኝ ይሻላል፤ ሽማግሌው እየደጋገሙ በከዘራቸው መለሱኝ። ከዚያ ሁሉ በኋላ እማዬ ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ማሽንህ ነው?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ጆሮዬን በእጇ ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

ማረፊያውን ትቼዋለሁ። ውክልናውንም መሳቢያሽ ውስጥ፣ ከደብዳቤዎቼ ሥር ታገኚዋለሽ። ቀድጄዋለሁ። ሱቅሽን ወደ ፊቱ ክፍል መልሺ።

እዚህም ጆሮዬን ተመርምሬ የመስሚያ መሣሪያ አድርጌያለሁ። ትናንት አለቃዬ ጢሙ ውስጥ ሲያጉረመርም ጣቴን አዞርኩበት። ምን ሆንክ አለኝ። አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ፣ ስትናገርም ወደ እኔ ዙር አልኩት። ደገመልኝ። ምንም አልሆንኩም፤ አልተባረርኩምም።

ሙጫው

መጋቢት 6

ለኔ ወንድም፣

እልል በል። ሰላምታውን ዛሬ ሙሉ ነው የምሰጥህ፣ የመስከረሙንም ዕዳ ጨምሬ። ጤናህ የሰፋ፣ እንቅልፍህ የጠለቀ፣ ምግብህ የተስማማ፣ ጫማህ የማያዳልጥ፣ አለቃህ አፉን ከፍቶ የሚናገር ይሁንልህ።

ደብዳቤህን ለእታለም ሰጠኋት። አንብባ ስትጨርስ ሳቀች፣ ከዚያ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ እንደገና ሳቀች። ለአዳራሹ ሰዎች ልታሳያቸው ይዛው ሄደች። ይቅርታ አድርግልኝ፣ ከለከልኳት፣ ግን ታውቃታለህ። አለቃህ ላይ ጣትህን ያዞርክበትን ቦታ ፎርማኑ ደጋግመው አስነበቡ። «ይሄ ልጅ የኛ ነው» አሉ።

ሱቁን አልመልስም። ጠባቧን ክፍል ለምጃታለሁ፤ ጫማ ሰፊውም ወሬ አዋቂ ነው። የፊቱ ክፍል ደግሞ ሥራ አግኝቷል። ወለሉ ላይ በጠመኔ ሳጥን ተሥሎበታል። አዳራሹ በሚዘጋባቸው ቀናት የሽመና ሴቶች እዚያ መጥተው ይለማመዳሉ። የሚያልፍ ሰው በመስኮት ቆሞ ያያል። እናትህ በሩን ትከፍትና «ቆመህ አትይ፣ ግባ» ትለዋለች። አንዳንዱ ይገባል።

አሁን ዋናውን ወሬ ያዝ። እናትህ ሐኪም ቤት ሄደች። ማንም ሳይጠይቃት፣ አንተም ቅድመ ሁኔታህን ካነሳህ በኋላ። «አሁን ፈተና አይደለም፣ ጥየቃ ነው» አለችኝ። አብሬያት ገባሁ። ያው መርማሪ ነው፣ ያው ጭምብል። ወረቀቱን አንስቶ ገና ሲጀምር ጣቷን አዞረችበት። አልገባውም። «ድገም ማለቷ ነው» አልኩት። ደገመ። አሁንም አዞረች። «ወደ ታች አታንብብ። አፍህን ግለጠውና እኔን እያየህ ጠይቀኝ» አለችው። ሰውዬው ቀላ፣ ጭምብሉን አወለቀ፣ ወንበሩን አስጠጋ። ወጣት ነው ለካ። እያንዳንዱን ጥያቄ እስኪገባት አስደገመችው። ካልገባት አትመልስም፣ ከገባት ደግሞ አትዘገይም። መጨረሻ ላይ እሱ ራሱ «እማማ፣ ያ ምልክት እንዴት ነበር?» ብሎ ጣቱን አዞረ። «ለሚመጡት ሁሉ አስተምራቸው» አለችው። ምርቃትም ጨመረችለት፤ ዛሬ ግን እያወቀች ነው።

አዲሱን ወረቀት ይዘን ወጣን። ውጤቱን አንብቤዋለሁ። ልጽፍልህ ብዕሬን ሳነሳ እናትህ ነጠቀችኝ። «አልተጠየቅሽም» አለችኝ። ኮፒ አድርጌ እልክለታለሁ አልኳት። «ማሽንሽን እሰብረዋለሁ» አለችኝ፤ እንደምታደርገው ደግሞ አውቃለሁ። ያስጻፈችኝ ይህንን ብቻ ነው።

«ልጄ፣ እኔን ማወቅ ስትፈልግ ወረቀት አትጠይቅ። ፊት ለፊቴ ቁም፣ ጠይቀኝ፣ ካልያዝከው ጣትህን አዙር። እደግምልሃለሁ። ዕረፍትህ ሲደርስ ና፤ ቦታህ ከፎርማኑ ጎን ነው፣ አልሰጠንብህም።»

ወረቀቱ የት እንደገባ ግን እንዳልነግርህ አልከለከለችኝም። የኩሽናው ጠረጴዛ አንድ እግሩ አጥሮ ስንበላ ሁሉ ይወዛወዝ እንደነበር ታስታውሳለህ። አራት ቦታ አጥፋ እግሩ ሥር ከተተችው። አሁን ይህንን የምጽፍልህ እዚያው ላይ ሆኜ ነው። ጽሑፌን እየው፣ አንድም ፊደል አልተንጋደደም።

እህትህ